የተበላሸ ኮፒ

ፒያሳ፣ ደረጃው ሥር፣ በሯ የማይገጥም ጠባብ ክፍል አለችኝ፤
አስራ ዘጠኝ ዓመት ኮፒ ቤት ሆና ያበላችኝ።
የልደት፣ የሞት፣ የቤት ካርታ፣ ያልተቋጨ የፍርድ ቤት ክስ፣
ሁሉም በፊቱ ተደፍቶ፣ አረንጓዴው ብርሃን ከዳር እዳር ሲዳብስ፣
እኔ ጀርባውን ብቻ ነው የማየው።
አላነብም፤ የሰው ጉዳይ ነው ብዬ እተወው።

መምህር ወንድይፍራው ይማም ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፤
የጦሳን ጉም ከጃንጥላው በሬ ላይ ያራግፋል፣
በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር ከብብቱ ያወጣል።
«አንድ ቅጂ» ይለኛል። «ሁለት አይደለም፤ አንድ።»
ጣቱን እየላሰ ይቆጥራል፣ ውርስ እንደሚካፈል ዘመድ።

የአርባ ዓመት ልቅምቃሚ ነው፤ ከሰኞ ገበያ ሸክላ ሻጮች፣
ሐረጎ ላይ ለመንገዱ ድንጋይ ከፈለጡ ሽማግሌዎች፣
ከአንዱም፣ ቦርከና ሲሞላ ሰው በጀርባው ካሻገረ፣
ወንዱን በቤሳ፣ ነፍሰ ጡሯን በነጻ እያለ ከኖረ።

ተሟጋቹ ዘምዘም አራጋው ናት፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣
ጫማዋ ጭቃ፣ ቦርሳዋ ድምፅ መቅጃና ብርቱካን የማይጠፋበት።
«ጋሼ፣ ለሆጤ ተማሪዎች ያንብቡላቸው፤
የሰፈራቸው ስም ከየት እንደመጣ ማን ነገራቸው?»
ይስቃል። ሳቁ ሳል አለበት።
«ልጄ፣ ታሪክ እርሾ ነው እንዴ፣ ጎረቤት የሚበደርህ?
አንዴ ከወጣ፣ አንዱ የራሱን አያት ይጨምርበታል፣
ሌላው የሰው አያት ይቀንስበታል።»
«እርሾ ያላበደረስ፣ የራሱ ሲያልቅ የማንን በር ያንኳኳል?»

እኔ መሐላቸው ቆሜ ቀለም እሞላለሁ።
የማንም ወገን አይደለሁም። በገጽ ሦስት ብር እቀበላለሁ።

ማሽኔ አሮጌ ናት፤ ሲበርዳት ወረቀት ታኝካለች፣
አንዱን አጣምማ፣ ሌላውን አጥቁራ ትተፋለች።
የተበላሸውን፣ መምህሩ ሳያየኝ፣ ከጠረጴዛው ሥር ካርቶን ውስጥ፤
ጀርባው ነጭ ነው፣ ለልጄ ሒሳብ፣ ለእማማ ጦይባ ቆሎ መሸጥ።

ከዚያ ያ ጥቅምት መጣ። ስለሱ ብዙ አልልም።
ከተማው በሐረጎ ቁልቁለት ፍራሽ ተሸክሞ ሲተም
አይቻለሁ። ስንመለስ የመምህሩ በር ተገንጥሏል፤
ሣጥኑ አፉን ከፍቷል፣ የደብተሩ ጨርቅ ደጅ ላይ ወድቋል።
ያቺ አንድ ቅጂም እዚያው ሣጥን ውስጥ ነበረች፤
ከእናቷ ጋር ሄደች።

ሐሙስ መጣ። ጃንጥላ የለውም። ዘምዘም ናት ደግፋ ያመጣችው።
«ነግሬዎት ነበር» አላለችም፤ ብርቱካን ልጣ ሰጠችው።
ያኔ ነው ካርቶኑን የጎተትኩት።
አቧራውን በሹራቤ እጅጌ ጠረግሁት።
የጠቆረ፣ የተጣመመ፣ በጀርባው የልጄ ማባዛት፣
ሰባት ጊዜ ስምንትን ሃምሳ አራት ያለበት፣
መቶ ስድሳ ምናምን ገጽ።

አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳ
አነበበ። ቦርከና። ጀርባ። ወንዱን በቤሳ፤
የነፍሰ ጡሯን መስመር ግን ቀለም ውጦታል።
«በነጻ» አልኩ። ዞረው አዩኝ። «በነጻ ነው የሚል።»

አላነብም ብያችሁ ነበር። ውሸቴን ነው።
አስራ ዘጠኝ ክረምት፣ መብራት ሲጠፋ፣ ምን ልሠራ ነው?

ድምፅ መቅጃዋን ከቀለሙ ቆርቆሮ አጠገብ አስቀመጠች።
«እንግዲያው ከመጀመሪያው ይንገሩን» አለች።
ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሦስት ነን። የማስታውሰውን እላለሁ፤
እሱ «እንደሱ አይደለም» ይላል፤ እኔ «ነው» እላለሁ፤
እሷ ሁለቱንም ትጽፋለች።

ገጽ አርባ አንድ የለም። ቆሎ ይዞ ሄዷል።
እማማ ጦይባ «የበላውን ሰው ማን ይመዘግባል?»
ብላኛለች። እናም በሬ ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፦
«ከእማማ ጦይባ ቆሎ የገዛችሁ፣ ኪሳችሁን ፈትሹልኝ እባካችሁ።»
መምህሩ መነጽሩን ገፍቶ አነበበና
«ስንት ቅጂ አነሳህ?» አለኝ።
«አንድ» አልኩት።
«ስስታም!» ብሎ ተቆጣኝ።